መሣሪያው መሥራቱና ጆሮው መስማቱ፦ የመስሚያ አጋዥ መሣሪያን ስለ መፈተሽና ልክነቱን ስለ ማረጋገጥ



 በአዳራሹ ውስጥ ከጤና ባለሙያዎች ሌላ የመስማት ችግር ያለባቸው ልጆች ወላጆችና መምህራንም እንዳሉ ስለ ተነገረኝ፣ የሙያ ቃላትን በተቻለኝ መጠን እየፈታሁ እሄዳለሁ።

ብዙዎቻችን በምናውቀው ሁኔታ ልጀምር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መስማት እየተሳናቸው መጥቷል እንበል። በውጭ አገር የሚኖር ልጃቸው የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ገዝቶ ይልክላቸዋል። መሣሪያው አዲስ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ጆሯቸው ላይ ሲደረግም ድምፅ ያወጣል። ቤተሰቡ ይደሰታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መሣሪያው በመሐረብ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። እናትየው ለምን እንደ ተዉት ሲጠየቁ «ይጮኽብኛል እንጂ አያሰማኝም» ይላሉ። ቤተሰቡም «አልለመዱትም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

የዛሬው ንግግሬ ይህ መደምደሚያ ሳይለካ የተሰጠ ፍርድ መሆኑን ለማሳየት የታሰበ ነው። እናትየው የተናገሩት ቃል በትክክል ሲተረጎም አንድ ሊለካ የሚችል ነገርን ይገልጻል፦ ወፍራም ድምፆች ከሚገባው በላይ ጎልተዋል፤ ንግግርን የሚለዩት ቀጫጭን ድምፆች ግን አልደረሱም። ችግሩ ያለው ከእሳቸው ትዕግሥት ላይ ሳይሆን ከመሣሪያው ማስተካከያ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህንን ለማወቅ መንገድ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስለ መስማት የሚናገር ዘገባ፣ በዓለም ላይ ወደ 430 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው የተሐድሶ አገልግሎት እንደሚያስፈልጋቸው ገምቷል። ለብዙዎቹ ዋናው እርዳታ የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ስናወራ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንዱን ከሌላው ሳናምታታ መጠየቅ ይገባናል። የመጀመሪያው፣ መሣሪያው እንደ መሣሪያ በትክክል ይሠራልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በዚህ ሰው ጆሮ ውስጥ ለዚህ ሰው የሚያስፈልገውን ድምፅ ያደርሳልን? የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ የሰውዬውን የዕለት ኑሮ አሻሽሎታልን? የሚል ነው። ለአንደኛው የተሰጠው መልስ ለሌላው መልስ አይሆንም።

ከመጀመሪያው ልነሣ። መሣሪያው እንደ መሣሪያ የሚፈተሸው የውጭ ድምፅ በማያስገባ የመፈተሻ ሣጥን ውስጥ ነው። የመሣሪያው አፍ 2 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘት ካለው አነስተኛ የብረት ክፍል ጋር ይገናኛል፤ በክፍሉ ጫፍ ያለው ማይክሮፎን የሚወጣውን ድምፅ ይለካል። ሣጥኑ 90 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ ሲያሰማ የመሣሪያው ከፍተኛ የድምፅ ጣሪያ ይታወቃል። 50 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ ሲያሰማና መሣሪያው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ደግሞ የማጉላት አቅሙ ይታወቃል። ከእነዚህ በተጨማሪ ድምፁን ምን ያህል እንደሚያዛባ፣ በውስጡ የሚፈጠረው የራሱ ሽውታ ምን ያህል እንደሆነና ባትሪውን በምን ፍጥነት እንደሚጨርስ ይለካል። ውጤቱ አምራቹ ካወጣው መግለጫ ጋር ይነጻጸራል። ይህ አሠራር በዓለም አቀፍ መስፈርቶች የተደነገገ ስለሆነ፣ በአንድ አገር የተለካ መሣሪያ በሌላ አገር ቢለካ ተመሳሳይ ውጤት መስጠት አለበት።

ይህ ፍተሻ መሣሪያው አዲስ ሲመጣ፣ ተጠግኖ ሲመለስና ተጠቃሚው «ተለወጠብኝ» ባለ ቁጥር ሊደረግ ይገባል። በተለይ ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ቆይቶ በእርዳታ ለመጣ መሣሪያ ሊዘለል አይገባውም። እርጥበት የገባበት ማይክሮፎን ወይም በጆሮ ኩክ የተደፈነ የድምፅ መውጫ፣ ከላይ ሲታይ ምንም የማይመስለውን መሣሪያ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ የብረቱ ክፍል የሰው ጆሮ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ነው። ውታፉ ከገባ በኋላ በውታፉና በታምቡሩ መካከል የሚቀረው ክፍተት በአዋቂ ሰው ላይ እንኳ ከ2 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር በእጅጉ ያነሰ ነው። ድምፅ በጠበበ ቦታ ውስጥ ሲታመቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ይዘቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ በ6 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ያው መሣሪያ በብረቱ ክፍል ውስጥ ከሚያሳየው የበለጠ ድምፅ በጆሮ ውስጥ ይሰጣል፤ ልዩነቱም ከሰው ሰው ይለያያል። በሌላ በኩል ያልተደፈነ የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ፣ እንደ ዋሽንት ቧንቧ፣ ከ2500 እስከ 3000 ኸርዝ አካባቢ ያሉትን ድምፆች በተፈጥሮው ከ15 ዴሲቤል ባላነሰ መጠን ያጎላል። ውታፉ ሲገባ ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ይጠፋል፤ መሣሪያው አስቀድሞ ይህንን መተካት ይኖርበታል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የምርመራ ውጤት ቢኖራቸውም፣ አንድ ዓይነት ማስተካከያ ለሁለቱም ልክ ላይሆን ይችላል። በአማርኛችን «ልክ» የሚለው ቃል መጠንንም ትክክለኛነትንም ይገልጻል፤ በዚህ ሙያ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ማረጋገጫው የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ጆሮውን ያያል፤ ኩክ ካለ ያስወግዳል። ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ለስላሳ ቱቦ፣ ጫፉ ከታምቡሩ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ እስኪሆን ድረስ በጥንቃቄ ያስገባል። ቱቦው ሳይነቃነቅ መሣሪያው ይደረጋል። ከፊት ለፊት ካለ ድምፅ ማጉያ የንግግር ድምፅ ይሰማል፤ ቱቦው ታምቡሩ አጠገብ የደረሰውን ድምፅ ይለካል፤ ውጤቱም በኮምፒውተሩ ላይ በመስመር ይታያል። ከመስመሩ ጎን ደግሞ ለዚህ ሰው የመስማት ደረጃ የተሰላ የግብ መስመር አለ። የባለሙያው ሥራ የመጀመሪያውን መስመር ወደ ሁለተኛው ማቅረብ ነው፤ በዋና ዋናዎቹ የንግግር ድግግሞሾች ላይ ልዩነቱ ከ5 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይጣራል።

ግቡን የሚያሰሉት ቀመሮች በግምት የተገኙ አይደሉም። በሰፊው የሚሠራባቸው ሁለቱ በአውስትራሊያ ብሔራዊ የአኩስቲክስ ቤተ ሙከራና በካናዳ በዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጁት ናቸው። የኋለኛው ከመነሻው ለሕፃናት ታስቦ የተሠራ ነው።

ልኬቱ በአንድ የድምፅ ደረጃ ብቻ አይበቃም። የተለመደ ጭውውት 65 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ለስለስ ያለ ንግግር 55 ወይም ከዚያ በታች፣ ከፍ ያለ ንግግር 75 ወይም 80 ይሆናል። ዘመናዊ መሣሪያ ለስላሳውን ብዙ፣ ጠንካራውን ጥቂት እንዲያጎላ ተደርጎ ስለሚሠራ ሦስቱም ደረጃዎች ለየብቻ ይለካሉ። በመጨረሻም በኃይለኛ ድምፅ ጣሪያው ይፈተሻል። ጣሪያው ከመጠን በላይ ከሆነ ተጠቃሚውን ያሳምመዋል፤ የቀረውንም የመስማት አቅም ሊጎዳ ይችላል።

«ኮምፒውተሩ ራሱ አያስተካክለውምን?» ብላችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። የአምራቹ ሶፍትዌር የምርመራውን ውጤት ተቀብሎ የመጀመሪያ ማስተካከያ ይሰጣል፤ በማያ ገጹም ላይ ግቡን የመታ መስመር ያሳያል። ነገር ግን ያ መስመር የአማካይ ጆሮ ግምት ነው። በተደጋጋሚ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ይህ የመጀመሪያ ማስተካከያ በእውነተኛ ጆሮ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከግቡ በታች ይገኛል፤ ጉድለቱም በቀጫጭን ድምፆች ላይ ይበረታል።

ቀጫጭን ድምፆች ለአማርኛ ተናጋሪ ምን ማለት እንደሆኑ ላስረዳ። «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ተነባቢ ብቻ ነው። የ«ሰ» ጉልበት በአብዛኛው ከ4000 ኸርዝ በላይ ይገኛል፤ የ«ሸ» ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። የላይኛው ክፍል ካልደረሰ ሁለቱን መለየት ያዳግታል። «መጣህ» እና «መጣሽ» የሚለያዩትም በመጨረሻው ደካማ ድምፅ ነው፤ የተነገረው ለወንድ ይሁን ለሴት የሚያሳውቀው እሱ ብቻ ነው። አዋቂ ሰው የጎደለውን ከዐውዱ ይሞላዋል፤ ቋንቋውን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ቋንቋውን ገና እየተማረ ያለ ሕፃን ግን ያልሰማውን ሊሞላ አይችልም። ያልሰማው ነገር ለእሱ የለም።

በዚህ ምክንያት የሕፃናት ጉዳይ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የሕፃን የጆሮ ቦይ ጠባብ ስለሆነ፣ በብረቱ ክፍል ውስጥ ከተለካው ጋር ያለው ልዩነት በቀጫጭን ድምፆች ላይ ከ10 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል። ይህን ሳያስቡ ማስተካከል ከመጠን በላይ ማስጮኽ ነው፤ ፈርቶ ዝቅ ማድረግ ደግሞ ቋንቋን መንፈግ ነው። ሕፃኑ ረጋ ብሎ መቀመጥ ስለማይችል ብልሃት ተገኝቷል፦ በሕፃኑ ጆሮና በብረቱ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት በጥቂት ደቂቃ አንድ ጊዜ ይለካል፤ የቀረው ማስተካከያ ሁሉ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ እያለ በሣጥኑ ውስጥ ይሠራል። ያም ካልተቻለ በዕድሜ የተሰላ አማካይ ልዩነት ይወሰዳል። ልጁ ሲያድግ ቦዩ ስለሚሰፋ ውታፉም ልኬቱም በየጊዜው ይታደሳሉ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመጣለን። ልኬቱ ግቡን መታ ማለት ሰውዬው ተጠቀመ ማለት አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የት መስማት ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። አንዱ የቅዳሴውን ንባብ፣ ሌላዋ የልጅ ልጇን ወሬ፣ ሦስተኛው በሱቁ ውስጥ የደንበኞቹን ጥያቄ ሊል ይችላል። ከሳምንታት በኋላ እነዚያው ጉዳዮች አንድ በአንድ ተነሥተው ምን ያህል እንደ ተሻሻሉ ይመዘገባል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ሰባት ጥያቄዎች ያሉት አጭር መጠይቅም አለ፤ የመጀመሪያው ጥያቄው መሣሪያውን በቀን ስንት ሰዓት ይጠቀሙበታል የሚል ነው። ከመሳቢያ የማይወጣ መሣሪያ እዚህ ላይ ራሱን ያጋልጣል።

በዚህ ረገድ የእኛ የቤት ሥራ የቋንቋ ነው። ለመለኪያነት በሰፊው የሚሠራበት የንግግር ድምፅ፣ አሜሪካዊ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ስፓኒሽ ከሚናገሩ ስድስት ሴቶች ተቀድቶ፣ ትርጉም እንዳይሰጥ ተቆራርጦ የተቀጠለ ነው። የንግግር አማካይ የድምፅ ሥርጭት በቋንቋዎች መካከል ስለሚቀራረብ ለልኬት ያገለግለናል። ሰውዬው ንግግርን መለየቱን ለመመዘን ግን አያገለግልም። «ጥል»ን ከ«ትል»፣ የማይጠብቀውን «ገና» ከሚጠብቀው «ገና» መለየቱን የሚመዝን የቃላት ዝርዝር፣ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ተዘጋጅቶና ተፈትሾ መቅረብ ይኖርበታል። እዚህ የተቀመጣችሁ የቋንቋ ጥናት ተማሪዎች ከጤና ተማሪዎች ጋር አብራችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ሥራ ነው።

የመለኪያው መሣሪያ ውድ እንደሆነና በአገራችን የኦዲዮሎጂ ባለሙያዎች በጣም ጥቂት እንደሆኑ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሌለበት ቦታ ሁሉ ምንም የማይሠራበት ቦታ አይደለም። ወላጅና መምህር በየማለዳው ባትሪውን፣ ቱቦውንና ውታፉን ማየት ይችላሉ። ከዚያ ከልጁ ፊት ሳይሆን ከጎን ወይም ከኋላ ሆነው፣ ከንፈራቸውን እንዳያይ፣ «አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ም፣ ሽ፣ ስ» የሚሉትን ስድስት ድምፆች በተለመደው የንግግር ድምፅ፣ ልጁ በተራ እንዳይገምታቸው ቅደም ተከተላቸውን እየለዋወጡ ይበሉ። ልጁ የሰማውን ይድገም፤ ሕፃን ከሆነም መስማቱን በምልክት ያሳይ። እነዚህ በዳንኤል ሊንግ የተዘጋጀው የዕለት ፍተሻ ድምፆች ሲሆኑ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን የንግግር ክልል ይሸፍናሉ፤ ስድስቱም በአማርኛ ውስጥ አሉ። ትናንት «ስ»ን የደገመ ልጅ ዛሬ ካልደገመ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ወደ ሕክምና ቦታ ይወሰድ። ይህ ፍተሻ ልኬትን አይተካም፤ ብልሽት ሳይታወቅ ለወራት እንዳይቆይ ግን ይከላከላል።

መሣሪያ ለሚለግሱና እርዳታ ለሚያስተባብሩ ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ። መቶ መሣሪያ ያለ መለኪያ ከማምጣት፣ ጥቂት ቀንሶ ከመሣሪያዎቹ ጋር መለኪያውንና የሚሠራበትን ሰው ሥልጠና ማምጣት ይሻላል። ሥራው የሚቆጠረው በታደሉት መሣሪያዎች ብዛት ሳይሆን ከዓመት በኋላም ከጆሮ ላይ ባሉት መሣሪያዎች ብዛት ሊሆን ይገባል።

በመግቢያዬ ወዳነሣኋቸው እናት ልመለስና ላብቃ። መሣሪያውን ከመሳቢያ አውጥተን መጀመሪያ በሣጥን ብንፈትሸው፣ ቀጥሎ በጆሯቸው ውስጥ ብንለካው፣ ወፍራሙን ዝቅ ቀጭኑን ከፍ ብናደርገው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ጠርተን «አሁንስ?» ብንላቸው፣ «አልለመዱትም» የሚለው ፍርድ ሊለወጥ ይችል ነበር። ባይለወጥ እንኳ ምክንያቱን እናውቀው ነበር። ታማሚው «አያሰማኝም» ሲል የመጀመሪያው መልሳችን «ይልመዱት» የሚል ምክር ሳይሆን «እስቲ እንለካው» የሚል ይሁን።