የቀጨኔ ሸክላ እና የኢትዮጵያ ስም

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ ባለችው ቀጨኔ ሸክላ የሚሠራው በእጅ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ታቦካለች፣ ጭቃውን እየደራረበች ታሳድጋለች፣ ሲጠነክር በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች። ዕቃው ደርቆ ሜዳ ላይ በእሳት ይቃጠላል። ከዚያ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ ጀበናው ቡና ያፈላል፣ ምጣዱ እንጀራ ይጋግራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ፊቱ ሸክላ ነው። ያለ ሸክላ ሠሪ የሚያድር የከተማ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ ሸክላ ሠሪዋን በክብር የሚጠራ ቤት ማግኘት ግን ለዘመናት ይበልጥ ሲያስቸግር ኖሯል።

ስለ ጥቁር ሕዝቦች መብትና ታሪክ ሲነገር ኢትዮጵያ የምትነሣው በዓድዋ ድል ነው። ይህ ዳሰሳ ያንን ክብር ከቀጨኔ ሆኖ ይመለከተዋል።

ስድቡና አዋጁ

ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች፣ የቀጥቃጮችና የሸማኔዎች ሰፈር ሆና ኖራለች። የብዙዎቹ ቤተሰቦች አመጣጥ ከሰሜን ሸዋና ከጎንደር እንደሆነ ይነገራል። ከመካከላቸው ራሳቸውን «ቤተ አብርሃም» ብለው የሚጠሩ፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ከሆኑት ከቤተ እስራኤል ጋር አንድ የዘር ሐረግ አለን የሚሉም አሉ። ጎረቤት ግን «ጠይብ» ይላቸው ነበር። ጠይብ ማለት የእጅ ባለሙያ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ግን «ቡዳ» ሆነ። በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ወሬ ተጨምሮበት ጋብቻውንም ማዕዱንም ዘጋ።

የነገሩ ሥር መሬት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም ብለው እንዳወጁ በትውፊት ይነገራል። ርስት ያጣ ሰው በእጁ ይኖራል፤ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ሸማ ይሸምናል፣ ድንጋይ ይገነባል። የጎንደርን አብያተ መንግሥታት ከሠሩት ግንበኞች መካከልም ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት። ርስት ማጣቱ ባለሙያ አደረገው፤ ባለሙያነቱ ደግሞ ዞሮ ከባለርስቱ በታች ለመቁጠር ምክንያት ሆነ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ሁሉም ከአዳምና ከሔዋን መወለዱን አስታውሰው፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰድብ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ኖረ። ዕጣው የቀጨኔ ብቻም አልነበረም። በጉራጌ «ፉጋ»፣ በከፋ «ማንጆ»፣ በጣና ዳር «ወይጦ»፣ በጋሞ «ማና» የተባሉት ሁሉ በየአገራቸው ተገልለው ኖረዋል። ባርነት በሕግ የተሻረውም ገና በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው።

ከባሕር ማዶ የታየችው አገር

በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ስም በሌላው ዓለም ላለው ጥቁር ሕዝብ ተስፋ ሆኖ ነበር። ባርቤዶስ የተወለደው ራቢ አርኖልድ ፎርድ የጥቁር ሕዝቦች መብት ታጋዩ የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር ኢትዮጵያን እየጠራ ከሚዘምረው መዝሙር ደራሲዎች አንዱ ነበር። በኒው ዮርክ ሃርለም የጥቁር አይሁዶች ምእመናንን የመራ ሰው ሲሆን በ1923 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ ሞተ። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ ቀርታ የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት መሠረተች። በ1929 ዓ.ም. ዶክተር መላኩ በያን ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ለቆሙት ጥቁር ሕዝቦችም አፄ ኃይለ ሥላሴ ሻሸመኔ ላይ መሬት ሰጡ።

ኢትዮጵያ በ1953 ዓ.ም. ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን ስለ ናሚቢያ በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ኋላም ኔልሰን ማንዴላን ተቀብላ ወታደራዊ ሥልጠና ሰጠች። ወደ ፎርድ ስንመለስ፣ እሱ አይሁድነቱንና ጥቁርነቱን በአንድነት ይዞ በክብር የሚኖርባትን አገር ፍለጋ ነበር የመጣው። በመጣባት ከተማ ሰሜናዊ ጫፍ የእስራኤል ሐረግ አለን የሚሉ ሸክላ ሠሪዎች ሐረጋቸውን በሹክሹክታ ያወሩ ነበር።

ሁለት ጊዜ ባዕድ

ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤሎች የዚህን ተቃራኒ ገጽ አይተዋል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተወስደዋል። በ1988 ዓ.ም. ግን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲጣል መኖሩ ተገለጠና እየሩሳሌም ላይ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ጎንደር በሃይማኖታቸውና በሥራቸው ባዕድ የተባሉት እዚያ በቆዳቸው ባዕድ ሆኑ። ያም ሆኖ በዓላቸው ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ ታውጇል።

ሕጉ የደረሰበት

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2024 ያለውን አሥርት ለአፍሪካ ዝርያ ላላቸው ሕዝቦች ሰጥቶ ነበር፤ ሁለተኛው አሥርት ከ2025 እስከ 2034 ይዘልቃል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም የ2025 መሪ ቃሉን በካሣ ጥያቄ ላይ አድርጎታል። ቀጨኔንና ሃርለምን በአንድ ገመድ የሚያስረው ግን የዘር መድልዎን የሚከለክለው ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ይህ ስምምነት ከቀለም ጎን «ትውልድ» የሚል ቃል አለው። የስምምነቱ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2002 ቃሉን ሲያብራራ፣ በውርስ በሚተላለፍ ማኅበራዊ ደረጃ ሰውን ዝቅ ማድረግም በዚሁ ይጠቃለላል ብሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25ም በማኅበራዊ አመጣጥና በትውልድ ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል።

እንግዲህ በወረቀት የጎደለ ጥቂት ነው። ፈተናው ያለው ሽማግሌ የተላከ ዕለት ነው፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ አንዱ ቤት ላይ ሸክላ ሠሪ አያት ሲገኙ። በዚያች ሰዓት ቡናው የሚቀዳበት ጀበና ምናልባት ከቀጨኔ የወረደ ነው።