የፎገራ ሩዝ ከአውድማ እስከ ሱቅ

የጤፍ ዋጋ እየናረ በሄደባቸው ዓመታት የፎገራ ሩዝ ወደ ብዙ ቤት የገባው በእንጀራ በኩል ነው። በፎገራዋ ከተማ በወረታ ተፈልፍሎ በኩንታል ከሚጫነው ሩዝ የማይናቀው ክፍል ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ ሊጥ ይሆናል፤ ከፊሉ ዳቦ፣ ከፊሉ ገንፎ፣ ጠላና አረቄም ይሆናል። ተቀቅሎ ለሚበላው ሩዝ ግን የአዲስ አበባ ባለሱቅ የሚያወርደው ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ የህንድ ወይም የፓኪስታን ነው። አገሪቱ በሩዝ የምታውቀው ዋነኛ ሜዳ፣ ፎገራ፣ ጣና ዳር ተዘርግቶ እያለ፣ ከምንመገበው ሩዝ የሚበዛው በዶላር ተገዝቶ ከባህር ማዶ ይመጣል።

ሩዝ ፎገራን የያዘው መሬቱ ስለመረጠው ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ዋልካው ውሃውን ይዞ ይከርማል፤ ጤፍም ሆነ አብዛኛው ሌላ እህል በዚያ ውሃ ውስጥ አይቆምም። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራቾች ማኅበራት ሩዝ አስጀመሩ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ማኅበራቱ ተበተኑ፤ ሩዙ ግን አልተበተነም። ገበሬው ዘሩን ይዞ ወደ ግል ማሳው ገባ። ያ ዘር ዛሬም በጅግና ስም «ኤክስ ጅግና» ይባላል፤ ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ ሲሞክሩ የሚያወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው። ባለሙያው ከሄደ፣ ማኅበሩ ከፈረሰ በኋላ አንድን አዲስ ሰብል በራሱ ጉልበት አሳድጎ የሜዳው ጌታ ያደረገው ገበሬ ነውና፣ «አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚለው የቆየ ወቀሳ ፎገራ ላይ አይሠራም።

ታዲያ የት ላይ ነው የሚሰናከለው? ከአጨዳ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

ሩዙ ደርሶ በማጭድ ሲታጨድ ነዶው ማሳው ላይ ይሰነብታል። ቀን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሌሊት ጤዛ ያረጥበዋል። እንዲህ ሲደርቅና ሲርስ የከረመ ፍሬ በገለባው ውስጥ እንዳለ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። ቀጥሎ አፈር አውድማ ላይ በበሬ ይበራያል። ጠጠሩና አፈሩ አብሮት ይታፈሳል፣ አብሮት ወረታ ይገባል። ወረታ ከተማ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያዎች በየቦታው አሉ። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ገለባውንም ልጠው ፍሬውንም አሽተው የሚያወጡ፣ ብረት በብረት የሚፈትጉ የቆዩ ዓይነቶች ናቸው። የተሰነጠቀው ፍሬ በዚያ ግፊት ውስጥ ሲያልፍ ይከሰከሳል። በአንድ በኩል ብራኑ፣ ማለትም ከፍሬው የታሸው ልጣጭ፣ ለከብት መኖ ይወጣል፣ በሌላው በኩል ሙሉውና ስባሪው የተደባለቀ ሩዝ ይፈስሳል። በጎማ ጥቅልል ገለባውን ብቻ ገፎ ፍሬውን ለሌላ ማሽን የሚያሳልፈው ዘመናዊ መፈልፈያ ስብራቱን በብዙ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ መለዋወጫውም ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ደግሞም በልኩ ያልደረቀ፣ ጠጠር ያለበት ሩዝ ይዘው ቢቀርቡ ጥሩ ማሽንም ብዙ አያድንም።

የአዲስ አበባ የቤት እመቤት ጠጠር ለመልቀም ጊዜ የላትም፤ የታሸገውን የውጭ ሩዝ ብትመርጥ አልፈርድባትም። የምፈርደው በግብይቱ ላይ ነው። ነዶውን ቶሎ ሰብስቦ፣ ሸራ ዘርግቶ የወቃ ገበሬ ከጎረቤቱ የሚለይበት ዋጋ ካላገኘ ለምን ይደክማል? ለእርጥበት፣ ለጠጠርና ለስባሪ ልክ ወጥቶለት ገበያው ላይ እየተለካ የሚከፈልበት ሥርዓት እስካልተዘረጋ ድረስ ሩዙ ሁሉ አንድ ኩንታል፣ አንድ ዋጋ ነው።

በዚህ መሃል ዋጋውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሩቅ አገር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ህንድ ከባስማቲ ውጭ ያለውን ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ መላክ አገደች። ከዓለም የሩዝ ንግድ 40 በመቶ ገደማውን የምትይዝ አገር በሯን ስትዘጋ የዓለም ዋጋ በ15 ዓመት ውስጥ ያልታየ ከፍታ ላይ ወጣ። እገዳው የተነሣው በመስከረም 2017 ነው። ከዚያ በፊት፣ በሐምሌ 2016፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲተው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ መንግሥት የኑሮ ውድነትን ለማርገብ ሩዝን ጨምሮ መሠረታዊ ምግቦች በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው በራሱ ምንዛሪ፣ እንዲገቡ ፈቅዶ ነበር። ለሸማቹ እፎይታ የሚሰጥ ውሳኔ ለፎገራ ገበሬ ተፎካካሪ ያመጣበታል፤ አስመጪውን የሚያስጨንቅ ውሳኔ ደግሞ ለገበሬው በር ይከፍታል። በሩ ሲከፈት ግን የሚያቀርበው ንጹሕ ሩዝ በበቂ አልተዘጋጀም። በዚያው ሐምሌ 2015 መጨረሻ ፎገራ በሚገኝበት አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገዱን ደጋግሞ ዘጋ። የሌላውን ገበያ ዋጋ ማጣራት የማይችል ገበሬ ነጋዴው የነገረውን ይዞ ይሸጣል።

መንግሥት ሩዝን አልረሳውም። ወረታ ላይ በአውሮፓውያኑ 2013 የተቋቋመው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል፣ ከጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ከጃይካ ድጋፍ ጋር፣ እንደ ሻጋ ያሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ወረታም ደረቅ ወደብ አላት። ሩዝን የማስፋፋቱ ሥራ ግን አሁንም በሄክታርና በኩንታል ይቆጠራል።

ሄክታር ደግሞ በነፃ አይመጣም። ሩዝ የሸፈነው መሬት ቀድሞ የግጦሽ ሜዳ ነበር። በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም ዛሬ በትውልድ ቦታዋ የምትኖረው በሩዝ ገለባና በብራን ነው፤ ግጦሹ ጠብቧል፣ ንጹሑ ዝርያም ተመናምኖ አንዳሳ የሚገኘው የእንስሳት ምርምር ማዕከል እንዲጠብቀው ግድ ሆኗል። ይህን ያህል የተከፈለበት ሩዝ አውድማ ላይ ተሰንጥቆ ወፍጮ ቤት መከስከሱ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ብር ከአዲስ ማሳ በፊት ወደ መውቂያው፣ ወደ ማድረቂያ ሸራውና ወደ መፈልፈያው ይሂድ። የወረታ ማኅበራት የእርጥበት መለኪያ ይኑራቸው፤ ሲገዙም በደረጃ ይክፈሉ። የአዲስ አበባ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጤፍና ሽንኩርት ከገበሬ ማኅበራት በቀጥታ መግዛት ለምደዋል። ከአጨዳው በፊት፣ ስባሪውና ጠጠሩ ምን ያህል እንዲሆን ልኩን ጽፈው፣ ለሩዝም ውል ይፈራረሙ።