ቤቱ መቼ ነው የተሠራው?

ለጽዳት ስጠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ክፍያው በኋላ ይደርሳል። አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስና ቂርቆስ ውስጥ ጠዋት በጣሊያን ወረራ ጊዜ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የተሠራ ቤት፣ ከሰዓት ደግሞ የቀበሌ ጭቃ ቤት ወይም አዲስ አፓርታማ ይገጥመኛል። የሆቴል ሀውስኪፒንግ ሥልጠና ከላይ ወደ ታች፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ መሥራትን ያስተምራል። ጭቃ ቤትን ግን አያውቀውም።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው። ግድግዳው እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ምርጊቱ ይለቃል። በደረቅ መጥረጊያ ብቻ አራግፉት። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት አልጋውንና ዕቃውን ሸፍኑ፤ የስንት ዓመት አቧራና ጥቀርሻ ተኝቶበታል። ለግድግዳው ከዘይት ቀለም ኖራ ይሻላል። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ዘይት ቀለም ግን ያፍነውና ክረምት ላይ ይላጣል። ሻጋታ ካያችሁ ደግሞ በረኪና ከማንሳታችሁ በፊት ቆርቆሮውን እዩ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሰው የቀበሌ ከሆኑት ቤቶች ብዙዎቹ ደህና እድሳት አላዩም፤ የሚያፈስ ጣሪያ በጽዳት አይድንም።

በጣሊያን ጊዜ ቤት የጣውላ ወለል ላይ ደግሞ ባልዲ ውሃ አይደፋም። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ፣ ሲደርቅ ሰም፣ በቃ። ከወለሉ ሥር ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች በዕቃ አትድፈኑ፤ ጣውላ መበስበስ የሚጀምረው ከሥር ነው። እብነ በረድን ደግሞ አቼቶም ሆነ ሎሚ ይበላዋል፣ ወዙ ይጠፋል። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ሰው ገላን ጉራና ሌሎች ቦታዎች ገባ። አዲስ ቤት ለጽዳት ይቀላል፤ የሚያሰጋኝ አብሮን የሄደው ቤት ውስጥ ከሰል የማያያዝ ልማድ ነው። አሮጌው ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር፤ መስኮቱ የተዘጋ የኮንዶሚኒየም ክፍል ግን የከሰሉን ጭስ የትም አያስወጣም። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል። ቡና ስታፈሉ መስኮት ክፈቱ፣ ፍም ያለበት ምድጃ መኝታ ቤት አታሳድሩ። በረኪናንም ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው መርዛም ጋዝ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ማስጠንቀቂያ ቤታችሁን ለምታጸዳው ልጅም ንገሯት፤ ጠባቧ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የምትገባው እሷ ናት።