ሕፃኑ በመካከል የቆመው ለምን ነበር?

እንደ ሕፃን መሆን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ክፉ የማያውቅ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን፣ ዝም በል ሲሉት ዝም የሚል ልጅን ነው። የወንጌሉ ታሪክ ግን የሚነሣው ከክርክር ነው። በማርቆስ ምዕራፍ 9 እንደተጻፈው ደቀ መዛሙርቱ ወደ ቅፍርናሆም ሲሄዱ መንገድ ላይ ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ ይከራከሩ ነበር። ክርስቶስ ሲጠይቃቸው ዝም አሉ። ሕፃኑን አምጥቶ በመካከላቸው ያቆመው ያን ጊዜ ነው። ክርክሩ ስለ ማዕረግ ነበርና መልሱም የመጣው በማዕረግ በኩል ነው።

በዚያ ዘመን ሕፃን ምን ማዕረግ ነበረው? በግብፅ፣ ኦክሲሪንከስ በተባለ ስፍራ የተገኘና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1 ዓመት የተጻፈ የፓፒረስ ደብዳቤ አለ። ሂላሪዮን የተባለ ሰው ከእስክንድርያ ሆኖ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ ለአሊስ ሲጽፍ፣ ወንድ ከወለደች እንድታሳድገው፣ ሴት ከሆነች ግን አውጥታ እንድትጥላት ያዝዛል። በዚያው ደብዳቤ ትንሹን ልጃቸውን እንድትንከባከብለት ይማጸናታል። ልጅ ይወደድ ነበር፤ መኖሩ ግን በአባቱ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ክርስቶስ ለሹመት የሚሻሙትን ሰዎች ያስጠጋው እዚህ ደረጃ ላይ ካለው ሰው ጋር ነው።

የልጅ ትሕትና አለማወቅ ነው የሚለውን ደግሞ ጳውሎስ ራሱ ይቃወማል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥20 ሕፃንነትን ለክፋት ብቻ ይተውና በማስተዋል ጎልማሳ መሆንን ያዝዛል። ስለዚህ የጠየቀን ምእመን ሁሉ ትዕቢተኛ ማለት ከመጽሐፉ ጋር አይስማማም።

እንደ ሕፃን መሆን ዝምታም አይደለም። በኢትዮጵያ ሐምሌ 19 ቀን የሚታሰበው ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ገድሉ እንደሚናገረው ሊጣሉበት በነበረው የሚፈላ ጋን ፊት እናቱ ኢየሉጣ ስትፈራ ያጽናናት እሱ ነው፤ ለፈረደባቸው መኰንንም በድፍረት የመለሰለት እሱ ነው።

ምቾትም አይደለም። በፈረንሳይ፣ ሊዝዮ ገዳም በ15 ዓመቷ የገባችው ቅድስት ቴሬዛም ብዙዎች እንደሚስሏት በአበባ መካከል የኖረች አልነበረችም። በሳንባ ነቀርሳ ስትማቅቅ፣ በመጨረሻዎቹ 18 ወራት ሰማይ መኖሩን እስከሚያጠራጥር ጨለማ ነፍሷን ከቧት ነበር። የፍጹምነትን ደረጃ መውጣት ለማይችል ትንሽ ልጅ የክርስቶስ ክንድ እንደ አሳንሰር ነው ስትል የጻፈችው በዚያ ሕመም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በ24 ዓመቷ አረፈች፤ ከ100 ዓመት በኋላ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቤተ ክርስቲያን መምህርት ብላ ሰየመቻት።

ሐዋርያቱ ግን ትምህርቱ ወዲያው አልገባቸውም። በማርቆስ ቀጣዩ ምዕራፍ ያዕቆብና ዮሐንስ በክብሩ በቀኝና በግራው ለመቀመጥ ለመኑ፤ የቀሩት ዐሥሩም ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።