ቦርሽ የማን ነው?

ባለፈው እትም «ቦርሽ የሩሲያ ሾርባ ነው» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አያቴ አንብበውት ሳቁና «ይህን ኪየቭ ሄደሽ ብትናገሪ ሾርባውን አይሰጡሽም ነበር» አሉኝ። አያቴ በ1970ዎቹ ዩክሬን የተማሩ ናቸው። ያኔ ዩክሬንና ሩሲያ ሁለቱም በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ይኼ ጽሑፍ እርማት ነው።

ሩሲያ፣ ዩክሬን፣ ቤላሩስ፣ ፖላንድ፣ ሰርቢያ፣ ቡልጋሪያና ሌሎችም የስላቭ ሕዝቦች አገሮች ይባላሉ። ቋንቋቸው እንደ አማርኛና ትግርኛ ይዛመዳል። ምግባቸውም ዘመድ ነው፣ ግን አንድ አይደለም።

ቦርሽ በቀይ ስር የሚሠራ፣ ጎምዘዝ የሚል ሾርባ ነው። ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ሥጋ ይገባበታል። ሲቀርብ ከላዩ አንድ ማንኪያ የኮመጠጠ ክሬም ያደርጉበታል። እዚያም ኦርቶዶክሶች ስላሉ በጾም ሥጋውን ትተው በቦሎቄና በእንጉዳይ ይሠሩታል። የሚገርመው ዩክሬን ውስጥ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ፖልታቫ በሚባለው አካባቢ ትንንሽ የሊጥ ድቡልቡሎች ይጨምሩበታል። በረዶው ሲያልፍ ደግሞ በጎምዛዛ ቅጠል የሚሠራ አረንጓዴ ቦርሽ አለ። አያቴ እንደነገሩኝ ሁለት የዶርም ጓደኞቻቸው «የእናቴ ይበልጣል፣ የእናቴ ይበልጣል» ተባብለው ተኳርፈው ነበር። እኛ በሽሮ እንደምንከራከረው ማለት ነው።

ፖላንዶች ለገና ዋዜማ ቀይና ጥርት ያለ መረቅ አድርገው ይሠሩታል። ውስጡ እንጉዳይ የተጠቀለለባቸው ትንንሽ ሊጦች ይገቡበታል፣ ስማቸው «ትንንሽ ጆሮዎች» ማለት ነው! ቤላሩሶች በሙቀት ወራት የተቀቀለ ቀይ ስር እርጎ ከመሰለ ወተትና ከኪያር ጋር ቀላቅለው ቀዝቃዛውን ይጠጡታል። ሩሲያዎችም ቦርሽ በጣም ይበላሉ፣ የጥንት ሾርባቸው ግን ሺ የሚባለው የጥቅል ጎመን ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዩክሬንን የቦርሽ አሠራር አስቸኳይ ጥበቃ በሚፈልጉ ቅርሶች ውስጥ መዝግቦታል። ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል የሚያበስልበት ድስትም፣ አትክልት የሚያበቅልበት ጓሮም የለውማ።

ጎምዛዛ ነገር ለምን ወደዱ? በሰሜኑ ብርዱ ረጅም ስለሆነ ያኔ አትክልት አይበቅልም። ስለዚህ ጥቅል ጎመን በጨው በርሜል ውስጥ አኮምጥጠው ያቆዩ ነበር። ከጥቁር ዳቦ ደግሞ ክቫስ የሚባል መጠጥ ይጠምቃሉ፣ ጠላን ያስታውሳል። ፖላንዶች ዱቄት በውኃ በጥብጠው ለቀናት ካቦኩት በኋላ ሾርባ ያደርጉታል። እናቴ ይህን ስትሰማ «በቃ እርሾ ነዋ!» አለች። ወደ ደቡብ ሲኬድ ግን ሞቃት ነው። ሰርቢያና ሰሜን መቄዶንያ በመኸር ቀይ ቃሪያ ጠብሰው፣ ልጠውና ፈጭተው አይቫር የሚባል ማባያ ይሠራሉ።

እሁድ ዕለት ቦርሹን እኛም ቤት ሞከርነው። የመጀመሪያው ቡናማ ሆኖ ቀረ። አያቴ «ኮምጣጤውን ረሳሁት!» አሉ። ለካ ቀይ ስር ሲፈላ ቀለሙ እንዳይጠፋ ጎምዛዛ ነገር ይፈልጋል። ሁለተኛው ደማቅ ቀይ ወጣ። ክሬም ስላልነበረ እርጎ አደረግንበት። ታናሽ ወንድሜ ግን «በእንጀራ ካልሆነ አልበላም» ብሎ ሲፈተፍት፣ አያቴ ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።