በአራት ቀናት ልዩነት የተፈረሙ ሁለት ሕጎች፦ የአሜሪካ ወደ ምዕራብ መስፋፋት፣ የኢንዱስትሪ ዕድገትና ማኅበራዊ ተሐድሶ

(ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአራት ቀናት ላይ ነው። ዘመናቱን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጠራለሁ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1887 የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ በግዛቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የሚመለከት ሕግ ፈረሙ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን ደግሞ እኚሁ ፕሬዚዳንት በአርቃቂው በሴናተር ሄንሪ ዶውስ ስም የሚጠራውን ሌላ ሕግ ፈረሙ። የመጀመሪያው የባቡር ኩባንያዎችን በልጓም ለመያዝ የወጣ ነው። ሁለተኛው የአገሩ ነባር ሕዝቦች በወል የያዙትን መሬት ለየግለሰቡ ሸንሽኖ ለማደል የታቀደ ነው። በዘመናቸው ሁለቱም ተሐድሶ ተባሉ። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ግን አንዱ ስለ ኢንዱስትሪ በሚናገረው ምዕራፍ፣ ሌላው ስለ ምዕራቡ በሚናገረው ምዕራፍ ተለያይተው ይገኛሉ። ይህን ኮርስ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁለቱን ሕጎች በአንድ የፈተና መልስ ውስጥ አገናኝተው ሲጽፉ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው፤ ጥፋቱም የእነርሱ አይደለም። ዛሬ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ላነባቸው እሞክራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከ25 ዓመት በፊት፣ በ1862 ነው። አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ተጠምዳለች። የደቡብ ግዛቶች እንደራሴዎች ምክር ቤቱን ጥለው በመውጣታቸው፣ በእነርሱ ተቃውሞ ለዓመታት ታግደው ለቆዩ ረቂቆች መንገድ ተከፈተ። ሜይ 20 ቀን አብርሃም ሊንከን የሆምስቴድን ሕግ ፈረሙ። ዕድሜው 21 የሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ዜጋ፣ ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ያስመዘገበ ስደተኛም ጭምር፣ 160 ኤከር መሬት ተረክቦ አምስት ዓመት ከኖረበትና ካለማው የራሱ ይሆንለታል። ይህ 65 ሄክታር ያህል ነው፤ ጋሻን በ40 ሄክታር ለሚያሰላ ሰው ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ጁላይ 1 ቀን የፓስፊክ ባቡር ሐዲድ ሕግ ወጣ። በማግስቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግዛት፣ በኮንግረስ ባለው መቀመጫ ብዛት፣ ለአንድ መቀመጫ 30,000 ኤከር እየታሰበ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ማቋቋሚያ እንዲሰጠው የሚያደርገው የሞሪል ሕግ ተከተለ።

ገበሬ፣ ባቡርና ኮሌጅ በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ምንዛሪ ተከፈላቸው፤ ምንዛሪውም መሬት ነበር። በጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ጥሬ ገንዘብ ያጥረዋል፣ መሬት ግን «የሕዝብ» እየተባለ በመዝገብ የተያዘ ብዙ ነበረው። መሬቱ ከዚያ በፊት የማን እንደነበረ የዚያው ዓመት ታሪክ ይመልሳል። በኦገስት 1862 በሚኒሶታ የሚኖረው የዳኮታ ሕዝብ፣ በውል ለለቀቀው መሬት የሚገባው ዓመታዊ ክፍያ ዘግይቶበት፣ ረሃብም ገፍቶት ተነሣ። አመፁ ከተደመሰሰ በኋላ ወታደራዊ ችሎት በ303 ሰዎች ላይ የሞት ፍርድ በየነ። ሊንከን የአብዛኞቹን ፍርድ ሻሩ፤ ዲሴምበር 26 ቀን ግን 38 የዳኮታ ወንዶች ማንካቶ በምትባል ከተማ በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። የሆምስቴድ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከስድስት ቀን በኋላ፣ በ1863 የመጀመሪያ ቀን ነው።

የባቡሩ ስጦታ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ላስረዳ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና። ካርታውን በዓይነ ኅሊናችሁ እንደ ዳማ ገበታ ሣሉት። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ማይል በአንድ ማይል፣ ማለትም 640 ኤከር ነው። ሐዲዱ በመካከል ሲያልፍ፣ በግራና በቀኝ ካሉት ካሬዎች አንዱን ኩባንያው፣ ቀጣዩን መንግሥት እያፈራረቁ ይይዛሉ። በ1862ቱ ሕግ ለአንድ ማይል ሐዲድ 10 ካሬ ይሰጥ ነበር፤ በ1864 ወደ 20 ከፍ አለ። መንግሥት በእጁ በሚቀረው ካሬ ላይ የአንድ ኤከርን መነሻ ዋጋ ከ1.25 ወደ 2.50 ዶላር አሳደገና ምንም አልከሰርኩም አለ። በዚህ ላይ እንደ መልክዓ ምድሩ አስቸጋሪነት ለአንድ ማይል 16,000፣ 32,000 ወይም 48,000 ዶላር የሚያወጣ የመንግሥት ቦንድ በብድር ይሰጣል። ክፍያው በማይል የሚቆጠር ከሆነ ኩባንያው የሚፈልገው ርዝመትና ፍጥነት እንጂ ጥራት እንደማይሆን ለመገመት የምጣኔ ሀብት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የፌዴራሉ መንግሥት በጠቅላላው ለባቡር ኩባንያዎች የሰጠው መሬት ወደ 130 ሚሊዮን ኤከር ይደርሳል፤ ከአገራችን የቆዳ ስፋት ግማሽ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው ነው።

ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ሴራ ኔቫዳን የሰነጠቀውን ሐዲድ በዋናነት የዘረጉት ቻይናውያን ነበሩ። በጁን 1867 በሺህ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ከነጮቹ እኩል ደመወዝና አጭር የሥራ ሰዓት ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ስንቃቸውን አስቀረባቸውና አድማው በሳምንት ገደማ ውስጥ ተሰበረ። ሁለቱ ሐዲዶች ሜይ 10 ቀን 1869 በዩታ ተገናኙ። በ1882 ኮንግረስ የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ።

ባቡሩ ምዕራቡን ለኢንዱስትሪ ገበያም መጋቢም አደረገው። አንድሩ ካርኔጊ በ1875 በፒትስበርግ አጠገብ የከፈተው የብረት ፋብሪካ ዋነኛ ምርቱ ሐዲድ ነበር። የቴክሳስ ከብት በባቡር ተጭኖ ቺካጎ ወደሚገኙት፣ በ1865 መጨረሻ ወደተከፈቱት ሰፋፊ የከብት በረቶችና ቄራዎች ይጎርፋል። ጎሹ እንኳ ለኢንዱስትሪ ሞተ ማለት ይቻላል፦ ከ1870ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቆዳው የፋብሪካ ማሽኖችን ለሚያዞር ቀበቶ ተፈላጊ ሆነና፣ በሚሊዮን ይቆጠር የነበረው መንጋ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከሺህ በታች ወረደ። የሜዳው ሕዝቦች ምግብ፣ ልብስና መጠለያ አብሮ ሄደ። የኩባንያዎቹን ኃይል ለመለካት ከፈለጋችሁ ሌላ መስፈሪያ አለ፤ ኖቬምበር 18 ቀን 1883 የአገሪቱን ሰዓት በቀጠናዎች የከፋፈሉት እነርሱ ናቸው። ኮንግረስ ይህንኑ በሕግ ያጸደቀው ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1918 ነው።

ሆምስቴደሩ ገበሬ ወደ ማሳው የሄደው በባቡር ነው፤ ስንዴው ወደ ገበያ የሚሄደውም በዚያው ባቡር ነው። ሁለት መስመር በሚፎካከርበት ረጅም መንገድ ላይ ኩባንያው ዋጋ ይቀንሳል፤ አንድ መስመር ብቻ ባለበት አጭር መንገድ ላይ ደግሞ ገበሬውን ያራቁተዋል። ስለዚህ ገበሬዎች በ1867 በተመሠረተው ግሬንጅ በተባለው ማኅበር ተደራጁ፤ የግዛት ምክር ቤቶችን አስገድደው የጎተራ ኪራይና የጭነት ዋጋ የሚወስኑ ሕጎች አስወጡ። በ1877 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኢሊኖይ የእህል ጎተራዎች ክርክር ላይ ለገበሬዎቹ ፈረደ። በ1886 ግን አንድ ግዛት ድንበሩን ተሻግሮ የሚሄደውን ጭነት ዋጋ መወሰን አይችልም አለ። ለፌዴራሉ መንግሥት የቀረው ምርጫ አንድ ነበር፤ የፌብሩዋሪ 4ቱ ሕግ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመ። ዋጋ ፍትሐዊና ይፋ እንዲሆን ታዘዘ፤ ለትልልቅ ደንበኞች በስውር የሚመለስ ቅናሽም ተከለከለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍርድ ቤቶች አቅም አሳጡት፤ ጥርስ ያወጣው በ1906 በተጨመረለት ሕግ ነው። ቢሆንም የተበደለ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብበት ደጃፍ ተከፍቶ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕግ እንምጣ። የዶውስን ሕግ የገፉት በአብዛኛው ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ሔለን ሀንት ጃክሰን መንግሥት ከነባር ሕዝቦች ጋር የገባውን ውል እንዴት እንዳፈረሰ የሚያጋልጥ መጽሐፍ በ1881 አሳትማ ለእያንዳንዱ የኮንግረስ አባል ልካለች። ከ1883 ጀምሮ «የሕንዶች ወዳጆች» የተባሉ ሰዎች በኒው ዮርክ ግዛት ሞሆንክ በተባለ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል በየዓመቱ ይሰበሰቡ ነበር። የቀድሞ የባርነት ተቃዋሚዎች፣ ቀሳውስት፣ መምህራንና እንደራሴዎች ነበሩበት። እምነታቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የወል መሬት ሰውን በጎሣው ውስጥ አስሮ ያስቀራል፤ የራሱን 160 ኤከር የያዘ ሰው ግን ያርሳል፣ ያጥራል፣ ዜጋ ይሆናል። ከላይ እንዳያችሁት ይህ ቁጥር የሆምስቴድ ቁጥር ነው።

ሕጉ ለቤተሰብ ኃላፊ 160፣ ዕድሜው ከ18 በላይ ለሆነ ላላገባ ሰው 80፣ ለልጅ 40 ኤከር መደበ። መሬቱ እንዳይሸጥ መንግሥት ለ25 ዓመት በባለአደራነት ይይዘዋል። እስከዚህ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ድልድሉ ከተፈጸመ በኋላ የተረፈው መሬት «ትርፍ» ተብሎ በመንግሥት ይገዛና ለሆምስቴደሮች ይከፈታል። ክፍፍሉን ለማካሄድ የሕዝቡ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ፕሬዚዳንቱ ይበጃል ካሉ በቂ ነው። ለትርፉ ሽያጭ ግን ስምምነት ይጠየቅ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1903 ኮንግረስ ውልን በብቸኛ ሥልጣኑ መሻር ይችላል ብሎ ሲፈርድ ይህም መከታ ፈረሰ። የሕጉን 10ኛ አንቀጽ ለማንበብ ደግሞ ብዙ ሰው ትዕግሥት የለውም። ካሳ ከፍሎ በእነዚህ መሬቶች ላይ ለባቡር ሐዲድ መተላለፊያ የመስጠት መብት ለኮንግረስ እንደተጠበቀ ይላል። ከአራት ቀን በፊት በልጓም ሊያዝ የነበረው ባቡር እዚህ በሌላ በር ገብቷል።

በጊዜው አላወቁም ነበር የሚለውን ማመካኛ አልቀበልም። የኮሎራዶው ሴናተር ሄንሪ ቴለር በ1881 ተመሳሳይ ረቂቅ ሲቀርብ፣ ከ30 ወይም ከ40 ዓመት በኋላ እነዚህ ሰዎች መሬታቸውን አጥተው ጠበቃ ነን ያሏቸውን እጅ እንደሚረግሙ በምክር ቤቱ ተናግረዋል። ቴለር ራሳቸው የነባር ሕዝቦች ተቆርቋሪ አልነበሩም፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ባህላዊ ጭፈራቸውንና ሥርዓታቸውን በወንጀል የሚያስቀጣ ደንብ አስወጥተዋል። ስሌቱን ግን በትክክል አይተውታል። በ1887 ነባር ሕዝቦች 138 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ነበራቸው፤ ክፍፍሉ በ1934 በሕግ ሲቆም የቀራቸው 48 ሚሊዮን ነው።

በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው ልዩነት የአርቃቂዎቹ የልብ ንጽሕና አይመስለኝም። የግሬንጅ ገበሬ ድምፅ ይሰጣል፣ ማኅበርና ጋዜጣ አለው፣ ሕጉ እርሱ ያቀረበው አቤቱታ መልስ ነው። በሞሆንክ ግን ወዳጆቹ ስለ ሕንዶች ተወያዩ እንጂ ሕንዶቹ ስለ ራሳቸው አልወሰኑም። በከተሞቹ ተሐድሶም ይኸው ልዩነት ይታያል። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 በቺካጎ ሐል ሐውስን ሲከፍቱ በስደተኞቹ ሰፈር ገብተው ኖሩ፤ ባልደረቦቻቸውም ቤት ለቤት እየዞሩ ደመወዝና የትውልድ አገር መዘገቡ። በ1893 ኢሊኖይ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ከፋብሪካ የሚያግድና የሴቶችን ሥራ በቀን 8 ሰዓት የሚወስን ሕግ አወጣች፤ የሰዓቱን ድንጋጌ የግዛቱ ፍርድ ቤት በ1895 ሻረው። ብዙ ጥናት ያለበት መስክ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ኦክላሆማን ግን አላልፍም፤ ለእኛም ቅርብ ናትና። ኤፕሪል 22 ቀን 1889 ቀደም ሲል የክሪክና የሴሚኖል ሕዝቦች የነበረ ወደ 2 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት እኩለ ቀን ላይ ለሰፋሪዎች ተከፈተ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በፈረስና በጋሪ እየተሽቀዳደሙ ያዙት። በዚያው መሬት ላይ፣ ስቲልዋተር በተባለች አዲስ ከተማ፣ በዲሴምበር 1890 በሞሪል ሕግ መሠረት የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ተቋቋመ። ይህ ኮሌጅ ነው በ1952 በተፈረመ ስምምነት ወደ አገራችን መጥቶ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ያቋቋመልን። በዚህ አዳራሽ የሐረማያ ምሩቃን እንዳላችሁ አውቃለሁ። የተማራችሁበት የማስተማር፣ የምርምርና የኤክስቴንሽን ጥምረት ከዚያ የመጣ ነው። የዓለማያን ውለታ አላቃልልም፤ የሞሪል ሕግን ታሪክ ከኮሌጁ በር ብቻ የሚጀምር ሰው ግን የመጀመሪያውን ገጽ ዘሎታል።

የ1887ቱ ክፍፍል ፍጻሜም ገና ቅርብ ነው። ለአንድ አባት የተሰጠ 160 ኤከር በትውልድ ሁሉ ሳይከፋፈል በድርሻ ብቻ ሲወረስ ቆይቶ፣ ዛሬ አንዱ ማሳ መቶዎች ባለድርሻዎች ሊኖሩት ይችላል፤ ማንም ሊያርሰው፣ ሊያከራየውም ይቸገራል። ከብላክፊት ሕዝብ የሆነችው ኤሉዊዝ ኮቤል በ1996 መንግሥት በባለአደራነት የያዘውን ገንዘብ ሒሳብ እንዲያወራርድ ከሰሰች። ክርክሩ በ2009 በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ፤ ከዚህ ውስጥ 1.9 ቢሊዮን የሚሆነው የተበጣጠሱ ድርሻዎችን ከፈቃደኛ ባለቤቶች እየገዙ ወደ ሕዝቦቹ የወል ይዞታ ለመመለስ ተመደበ። ፕሮግራሙ በ2022 ሲያበቃ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ኤከር ተመልሶ ነበር።

እዚህ ላይ ላቁም፤ ለጥያቄ በቂ ጊዜ አለን።