የሥራ ሂደትን በሥዕል መመዝገብ ለሰበካ ጉባኤ ያለው ጥቅም

ለሥራ ጉዳይ በሄድኩበት አንድ የገጠር አጥቢያ የውኃው የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ እናቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ለጥገናው የሚበቃ ገንዘብ በባንክ ነበር፤ መለዋወጫውም በወረዳው ከተማ ይሸጣል። ይሁን እንጂ የግዢው ጥያቄ ከቀረበ አንድ ወር ሊሞላው ነበር። ደብዳቤው የት እንደ ደረሰ ስንጠይቅ ጸሐፊው ወደ ሒሳብ ሹሙ፣ ሒሳብ ሹሙ ወደ ገንዘብ ያዡ፣ ገንዘብ ያዡም መልሶ ወደ ጸሐፊው አመለከቱን። ከመካከላቸው ሰነፍ ወይም ቅንነት የጎደለው አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ያውቃል፤ ሥራው ከመነሻው እስከ መድረሻው በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ ግን ሙሉውን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመድፈን ስለሚረዳ አንድ ዘዴ፣ ይኸውም የሥራ ሂደትን በኮምፒዩተር ሶፍትዌር አማካይነት በሥዕል መልክ ስለ መመዝገብ ያብራራል።

የሥራ ሂደት ካርታ ምንድን ነው?

«የሥራ ሂደት» የሚለው ሐረግ ለአብዛኞቻችን እንግዳ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ባካሄዱበት ጊዜ በብዛት ስንሰማው ቆይተናል። ትርጉሙም አንድ ጥያቄ ከተነሣበት አንሥቶ ውጤቱ ለጠያቂው እስኪደርስ ድረስ ያሉት ተግባራት ቅደም ተከተል ማለት ነው። የሂደቱ ካርታ ደግሞ ያንን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ላይ በምልክቶች የሚያሳይ ሥዕል ነው።

ለዚህ ሥዕል በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የምልክት ሥርዓት ቢፒኤምኤን ይባላል። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ ሁለተኛው እትም በ2011 ታተመ፤ በ2013 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ተቀበለው። ምልክቶቹ ብዙ ቢሆኑም ለአጥቢያ ሥራ አምስቱ ይበቃሉ። ቀጭን ክብ የሥራውን መጀመሪያ፣ ወፍራም ክብ ፍጻሜውን፣ ጠርዙ የለዘበ አራት ማዕዘን አንድን ተግባር፣ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ውሳኔ የሚሰጥበትን ቦታ፣ ቀስት ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያመለክታሉ።

ሥዕሉ ጎን ለጎን በተዘረጉ መደቦች የተከፈለ ነው። አንዱ መደብ የጸሐፊው፣ አንዱ የሒሳብ ሹሙ፣ አንዱ የገንዘብ ያዡ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ተግባርም በባለቤቱ መደብ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ አሠራር ለእኛ ለአገልጋዮች አዲስ ሊሆንብን አይገባም። በመጽሐፈ ቅዳሴ ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ የሚሉት በየተራው ተለይቶ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» የሚል ምልክት ተደርጎበታል፤ በዚህም ተራው የማን እንደ ሆነ ማንም አይጠራጠርም። የሥራ ሂደት ካርታም ለጽሕፈት ቤታችን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሶፍትዌሩ ለምን አስፈለገ?

ሥዕሉን በወረቀት መሣል ይቻላል፤ መጀመርም ያለበት በወረቀት ነው። ነገር ግን አሠራር ይለወጣል፣ ሰውም ይዛወራል። በወረቀት የተሣለው አንድ እርምጃ ሲጨመርበት እንደ ገና መሣል ይኖርበታል። በሶፍትዌር ሲሆን ግን ሣጥኑ ሲንቀሳቀስ ቀስቱ አብሮት ይሄዳል፣ የቀደመውም ሥዕል በቀኑ ተለይቶ ይቀመጣል።

በነፃ ከሚገኙት መካከል ድሮው ዶት አይኦ አንዱ ነው። በኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አጥቢያ ይስማማል። ካሙንዳ ሞደለር የተባለውም እንዲሁ በነፃ ይገኛል። ቢዛጊ ሞደለር ደግሞ በእያንዳንዱ ተግባር ሥር ማብራሪያ ለመጻፍና ሥዕሉን ከማብራሪያው ጋር በሰነድ መልክ ለማውጣት ያስችላል። የማይክሮሶፍት ምርት የሆነው ቪዚዮ ክፍያ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ለአጥቢያ መጀመሪያ እንዲሆን አልመክርም። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሣጥኖቹ ውስጥ ስለሚገባ፣ ሥዕሉ ሁሉም በሚያነበው ቋንቋ ሊዘጋጅ ይችላል።

በዚያ አጥቢያ የተገኘው ውጤት

ወደ ፓምፑ ጉዳይ እንመለስ። ከአስተዳዳሪው ፈቃድ አግኝተን ጸሐፊውን፣ ሒሳብ ሹሙን፣ ገንዘብ ያዡን፣ የንብረት ክፍሉን ኃላፊና የውኃ ኮሚቴውን ሰብሳቢ በአንድነት አስቀመጥን። «እንዴት መሠራት አለበት?» አላልናቸውም። «ባለፈው ጊዜ እንዴት ሠራችሁት?» ብለን ጠየቅን። የሚናገሩትን በቁራጭ ወረቀት እየጻፍን ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ በማግሥቱም ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባነው።

ሥዕሉ ሲጠናቀቅ ሁለት ነገር ታየ። የመጀመሪያው የመዘግየቱ ምክንያት ነው። የሥራው ጊዜ ራሱ ቢደመር ከአንድ ቀን አይበልጥም ነበር፤ ቀሪው ሁሉ ጥበቃ ነበር። ጥያቄው የሰበካ ጉባኤውን መደበኛ ስብሰባ ይጠብቃል፤ ከውሳኔው በኋላም ቼኩ በጉዞ ላይ ያሉ አንድ ፈራሚ እስኪመለሱ ይቆያል። ተተኪ ፈራሚ አልተሰየመም ነበር። ሁለተኛው ከዚህ የሚከብድ ነው። ዋጋ የሚያሰባስበው፣ ዕቃውን የሚገዛውና ተቀብሎ ወደ ግምጃ ቤት የሚያስገባው አንድ ሰው ነበር። ሰውየው ታማኝ ነው፤ ሆኖም ነገ አንድ ዕቃ ቢጎድል ንጽሕናውን የሚያስረዳለት ማስረጃ አልነበረውም።

ሰበካ ጉባኤው ከሀገረ ስብከቱ ጋር ተመካክሮ ተተኪ ፈራሚ ሰየመ፤ ለአስቸኳይ የውኃ ጥገና የሚውል አነስተኛ ገንዘብም በቃለ ጉባኤ ወሰነ። ዕቃ የሚገዛው ሌላ፣ በሞዴል 19 ተቀብሎ የሚመዘግበው ሌላ እንዲሆንም ተደረገ። የተሻሻለው ሥዕል ታትሞ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ለመጀመር የሚያስፈልገው

በመጀመሪያ አንድ ሂደት ብቻ ይመረጥ፤ ለምሳሌ የዕቃ ግዢ፣ የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ ወይም የሰበካ ጉባኤ አባልነት ክፍያ አሰባሰብ። መነሻውና መድረሻው በግልጽ ይወሰን። ሥራውን የሚሠሩት ራሳቸው ይናገሩ፤ ሥዕሉም በአንድ ገጽ ይወሰን። በኮምፒዩተር ከተዘጋጀ በኋላ ለተናጋሪዎቹ ተመልሶ ይነበብላቸውና ያርሙት። በመጨረሻም ቀን ተጽፎበትና በሰበካ ጉባኤው ጸድቆ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ኃላፊ ሲለወጥም ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይሰጥ።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነጥቦችም አሉ። ሥዕሉ ቃለ ዐዋዲውንም ሆነ የሒሳብ አያያዝ ደንቡን አይተካም። አሠራራችን ከደንቡ የተለየ ሆኖ ከተገኘ ሥዕሉን ማሳመር ሳይሆን ልዩነቱን ለጉባኤው ማቅረብ ይገባል። በሥዕሉ ውስጥ የግለሰብ ስም ሳይሆን የኃላፊነት መጠሪያ ይጻፍ። የቁልፍ ማስቀመጫና የይለፍ ቃል ከቶ አይገቡበትም። ፋይሉም በአንድ ሰው ላፕቶፕ ብቻ አይቅር፤ ቅጂው በጽሕፈት ቤቱ ይኑር። ከሁሉ በላይ ይህ ሥራ ጥፋተኛ መፈለጊያ እንዳይመስል አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። የፈራ ሰው የሚሠራውን ሳይሆን ሊባልለት የሚፈልገውን ይናገራልና።

ምእመናን ገንዘባቸውን የሚሰጡን የት እንደሚደርስ አምነው ነው። ስለዚህ የተከበራችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ዘወትር ከሚዘገዩባችሁ ሥራዎች አንዱን መርጣችሁ፣ «ባለፈው ጊዜ እንዴት ሠራነው?» በሚለው ጥያቄ እንድትጀምሩ በትሕትና አሳስባለሁ። ኮምፒዩተር ባይኖራችሁ እንኳ የግድግዳውን ወረቀት አዘጋጁ፤ ወደ ሶፍትዌር የማስገባቱ ሥራ ከዚያ በኋላ የሚደርስ ነው።